ከጎጆ ሥር የሚቆጠር ቅኔ

የወፍ ጎጆን ተመልክቶ የሚጻፍ ግጥም ከሌላው የተፈጥሮ ግጥም የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ የሚገጠምለት ነገር አይሸሽም። በራሪ ወፍ ሽው ብላ ታልፋለች፤ ገጣሚውም ካየው ይልቅ የተመኘውን ይጽፋል። ጎጆ የያዘች ወፍ ግን ለሳምንታት ወደ አንድ ቅርንጫፍ ትመላለሳለች። ሣሩ ከየት እንደሚመጣ፣ በሩ ወዴት እንደዞረ፣ ማን እንደሚታቀፍና ማን እንደሚቀልብ አንድ በአንድ ማየት ይቻላል። ትዕግሥት ያለው ገጣሚ እዚህ የሚጽፈው የሚያውቀውን ነው።

ባሕር ዳር ለዚህ ዓይነቱ ግጥም የተመቸች ከተማ ናት። በሹም አቦም ሆነ በሌሎቹ የሐይቅ ዳር ሰፈሮች ወፍ ለማየት ጫካ መግባት አያስፈልግም። ዋርካው፣ ሾላው፣ ደንገሉና ፊላው ከሰው መኖሪያ ጋር ተጎራብተው ይገኛሉ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ሐይቁና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በአገሪቱ ከታወቁት ከ850 የሚበልጡ የወፍ ዝርያዎች ብዙዎቹ እዚህ ውለው ያድራሉ፤ ከእነሱም ሰውን ሳይፈሩ ከደጃፉ ጎጆ የሚሠሩ አሉ።

ከሁሉም በቅርብ የሚታየው ሸማኔ ወፍ የሚባለው ነው። ወንዱ ሰውነቱ ቢጫ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ዓይኑ ቀይ ነው። በአንድ ዛፍ ላይ በርከት ብለው ስለሚሠፍሩ ጩኸታቸው ከሩቅ ይሰማል፤ ክረምቱ ገብቶ ሣሩ ሲለመልም ሥራቸው ይጦፋል። ወንዱ የሚጀምረው ከአንድ እርጥብ የሣር ቅጠል ነው። ቅጠሉን ከጠርዙ በምንቃሩ ነከስ አድርጎ ይይዝና ብድግ ብሎ ሲበር ቅጠሉ ይሰነጠቃል፤ ምንቃሩ ላይ የሚቀረው ቀጭን ረጅም ክር ነው። ክሩን በእግሩ ረግጦ፣ በምንቃሩ እየሰካና እየሳበ፣ ቅርንጫፉ ላይ ይቋጥረዋል። ቋጠሮው እየተደጋገመ ቀለበት ይወጣዋል።

ቀለበቱ የቤቱ መሠረት ነው። ወፉ የቀረውን ሥራ ሁሉ የሚሠራው እዚያ ላይ ቆሞ ነው፤ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ወደ ፊቱ እያዘነበለ ምንቃሩ እስከሚደርስበት ድረስ ይሸምናል፤ ይህም የእንቁላሉ ክፍል ይሆናል። ከዚያ ወደ ኋላው ተለጥጦ መግቢያውን ይሠራል፤ በሩም ቁልቁል ወደ መሬት ይመለከታል። ስለዚህ የጎጆው ስፋት የሚለካው በወፉ በራሱ ገላ ነው። በሩ ቁልቁል መሆኑ እባብና ሌላ አዳኝ በቀላሉ እንዳይገባ ያግዛል። ወፉ ጎጆው በተንጠለጠለበት ቅርንጫፍ ዙሪያ ያለውን ቅጠልም ይመለምለዋል፤ የሸማኔ ወፎች የሠፈሩበት ዛፍ ብዙ ጊዜ የተራቆተ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ለማንኛውም ገጣሚ ያለቀለት ድራማ ነው። ወንዱ ከበሩ ሥር ቁልቁል ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ይጣራል። ሴቷ መጥታ ትገባለች፤ ውስጡን በምንቃሯ እየጎተተች ትፈትሻለች። ከወደደችው ለስላሳ ሣርና ላባ እያመላለሰች ታነጥፋለች፤ ካልወደደችው ወጥታ ትሄዳለች። የሚመረጠው አዲስና አረንጓዴ ጎጆ ነው። ሣሩ ደርቆ ቡናማ ከሆነ የሚቀበለው የለም፤ ያን ጊዜ ወንዱ የራሱን ሥራ ራሱ አፍርሶ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ይጀምራል። ይህን ወፍ ለዓመታት ያጠኑት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ኒኮላስና ኤልሲ ኮሊያስ ወጣት ወንዶች ያለ ልምምድ ደህና ጎጆ መሥራት እንደማይሆንላቸው አሳይተዋል። ሽመናው አብሮ የተወለደ ብቻ አይደለም፤ በመሥራትና በማፍረስ የሚጠራ ሙያ ነው።

የሴቷም ድርሻ በመምረጥ አያበቃም። ዲድሪክ ኩኩ የምትባል ወፍ የራሷን ጎጆ አትሠራም፤ እንቁላሏን በሸማኔ ወፎች ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች። የሸማኔ ወፍ እንቁላል ግን ቀለሙና ነጠብጣቡ ከአንዷ ሴት ወደ ሌላዋ ይለያያል። ባለቤቷ የራሷን መልክ ስለምታውቅ ባዕዱን እንቁላል ለይታ መጣል ትችላለች።

በዚያው ዳርቻ ላይ ከሸማኔው ፈጽሞ የተለየ ኑሮ የሚኖሩ ወፎች አሉ። ጃካና የሚባለው ረጃጅም ጣቶች ያሉት ወፍ በውሃ ላይ በተንሳፈፉ ቅጠሎች ላይ እየተራመደ ይኖራል፤ ጎጆውም እዚያው ቅጠሉ ላይ ነው። እንቁላሉን የሚታቀፈው፣ ጫጩቶቹንም የሚያሳድገው አባትየው ነው። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን ከክንፉ ሥር ሸጉጦ ይሮጣል፤ ከሩቅ የሚታየው የጫጩቶቹ እግር ከጎኑ ተንዘላዝሎ ነው። በዘጌ ደንና በከተማዋ ታላላቅ ዛፎች የሚታየው፣ ከምንቃሩ በላይ ሌላ ቀንድ መሳይ ነገር የተሸከመው ትልቁ ጥቁርና ነጭ ወፍ ደግሞ የዛፍ ፍልፍል ውስጥ ይወልዳል። ሴቷ ከገባች በኋላ በሩ በጭቃ ይመረጋል፤ የምትቀረው ምንቃር የምታስወጣ ስንጥቅ ብቻ ናት። ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ውስጥ ስትቆይ ወንዱ ፍሬ እየለቀመ በዚያች ስንጥቅ ይቀልባታል። ሐመርኮፕ የምትባለው ቡናማ ወፍ በበኩሏ ከባልዋ ጋር ሆና እንጨትና ጭቃ እየቆለለች ከአንድ ሜትር ተኩል የሚበልጥ ስፋት ያለው ጎጆ ትሠራለች። ጥላው ስትሄድ ጉጉትና ሌሎች ወፎች ይገቡበታል።

ወፍን አይቶ ዜማና ቃል ማውጣት ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ ዜማውን የተማረው ከገነት ከመጡ ሦስት ወፎች እንደሆነ ገድሉ ይተርካል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶችም ለያሬድ ይሰጣሉ። «አቦ» እየተባሉ የሚጠሩት የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ያለ ወፍ አይሣልም፤ ውሃ የጠማት ወፍ ከጻድቁ ዓይን እንባ ስትጠጣ ትታያለች። ዳዊት የደገመ ሁሉ ከመሠዊያው አጠገብ ጎጆ ያገኘችውን ዋኖስ ከመዝሙር 83 ያውቃታል፤ መዝሙር 103ም ዛፍ ላይ የሚሠሩ አዕዋፍን ያነሣል። በጥንት የተተረጎመው ፊሳልጎስ የተባለው የግዕዝ መጽሐፍም ንስሩን፣ ርግቡንና ሌሎቹን አዕዋፍ እያነሣ ጠባያቸውን ለሃይማኖት ትምህርት ያውለዋል።

ከጣና ዳር የሚነገረው ታሪክ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። በቀልዳቸው የሚታወቁት ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና በልጃቸው ስም «የተክሌ» ተብሎ የሚጠራውን አቋቋም ያወጡት የጣናን ሞገድና የሸምበቆውን ውዝዋዜ ተመልክተው እንደሆነ ይነገራል። ዘንግና ጸናጽል የያዙት መዘምራን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ የሚታየው ሐይቁ ነው ማለት ነው። አንድ ሰው ከዳርቻው ተቀምጦ ደጋግሞ ያየው ነገር ለትውልድ የሚተርፍ ሥርዓት መሆኑ ተመልካችነት ምን ያህል እንደሚያፈራ ያሳያል።

ይሁን እንጂ በአማርኛ ግጥምና ዘፈን ውስጥ የምትበዛው ወፍ በራሪዋ ናት። መልእክት ታደርሳለች፤ ናፍቆት ትሸከማለች፤ አገር ለአገር ትሻገራለች። በምሳሌያዊ አነጋገርም «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይባላል፤ መቆም ለጀመረ ሕፃን «ወፌ ቆመች» እየተባለ ይጨበጨባል። ጎጆዋ ውስጥ ያለችው ወፍ ግን ብዙም አልተዘፈነላትም፤ ስትነሣም አብዛኛውን ጊዜ ልጆቿን ከክንፏ ሥር የሰበሰበች እናት ሆና ብቻ ነው።

የመስቀል ወፍ ነገር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ሰው «የመስቀል ወፍ» ይባላል፤ ወፏ ከአደይ አበባ ጋር መጥታ ከአደይ አበባ ጋር የምትጠፋ ትመስላለችና። ስሙ በየቦታው ለተለያዩ ወፎች ቢሰጥም፣ በዚያ ሰሞን በሣሩ መካከል እንደ ፍም ደምቀው የሚታዩት ቀይና ቢጫ ወፎች የትም አልሄዱም። በበጋው ወንዶቹ ላባቸውን ለውጠው ድንቢጥ የመሰለ ቡናማ መልክ ይይዛሉ፤ ከሴቶቹም ለመለየት ያስቸግራሉ። ዝናቡ መጥቶ ሣሩ ሲያድግ የድምቀቱን ላባ እንደገና ይለብሳሉ፤ ሴት ለመጥራትና ጎጆ ለመሥራት ነው። የመስቀሉ ወፍ ድምቀት የጎጆ ወራት ልብስ ነው። ይህን የሚያውቅ ገጣሚ በዓመት አንዴ ስለሚመጣ እንግዳ ሳይሆን፣ ዓመቱን ሙሉ አጠገብ ኖሮ ስላልታወቀ ጎረቤት መጻፍ ይችላል፤ ግጥሙም ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

በትክክል ማየት ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳው ራሱ ቅኔ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማና ደብረ ኤልያስ ስማቸው የሚነሣው በጉባኤ ቤቶቻቸው ነው። ተማሪው ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከዱር ገብቶ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። የዚህ ሁሉ ትምህርት አንድ ትልቅ ምሰሶ ሰምና ወርቅ ነው፤ ሰሙ የሚታየው ቃል፣ ወርቁ የተሸሸገው ትርጉም ነው። አንጥረኛ ጌጡን አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይመርገዋል፤ ሲያቀልጠው ሰሙ ፈስሶ ይወጣና ወርቁ የሰሙን ቅርጽ ይዞ ይተካል። ሰሙ ከተንጋደደ ወርቁም ይንጋደዳል።

የወፍ ጎጆ ሰም ሲሆን ይኸው ሕግ ይሠራል። ትዳርን ወርቅ አድርጎ በሸማኔ ወፍ የሚቀኝ ሰው ሴቷን ስትሸምን፣ ወንዱን ደግሞ ከሩቅ ሲዘፍን ቢያሳይ ሰሙ ሐሰት ነው፤ ወርቁም የለመድነው ነገር ከመሆን አያልፍም። እውነተኛው ሰም ከዚህ ይከብዳል፤ ሠሪው ወንዱ ነው፣ ፈራጇ ሴቷ ናት፣ ሥራው ካላማረ የሚያፈርሰውም ራሱ ሠሪው ነው። አባትነትን ለመቀኘት ጣና ላይ ጃካና አለ። ምርኮና ፍቅር አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚመስሉ በጭቃ የተመረገው የዛፍ ፍልፍል ያሳያል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የተለመደችዋ እናት ወፍ ቦታዋን አታጣም፤ ነገር ግን ብቸኛዋ ምስል መሆኗ ይቀራል። የሐይቁ ዳርቻ ለአማርኛ ግጥም ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ አዲስ ሰም።

በሌላ አገር ይህን መንገድ እስከ ጥግ የሄደበት ገጣሚ ጆን ክሌር ነው። ክሌር እ.ኤ.አ. በ1793 በእንግሊዝ አገር ሄልፕስተን በምትባል መንደር ከድኻ ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ፤ የቀን ሠራተኛ ሆኖም ኖረ። የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1820 ሲታተም ለንደን «ገበሬው ገጣሚ» ብላ ተቀበለችው፤ ብዙም ሳትቆይ ረሳችው። ስለ ሌሊት ዘማሪዋ ወፍ፣ ስለ ቢጫዋ የአጥር ወፍና ስለ ሌሎችም ጎጆዎች እያንዳንዱን ለብቻው እያነሣ ግጥም ጽፏል፤ ከእነዚህም የተወሰኑት በ1835 በወጣው «ዘ ሩራል ሚዩዝ» መጽሐፉ ውስጥ ይገኛሉ። የዘመኑ ታላላቅ ገጣሚዎች ሌሊት ዘማሪዋን ወፍ በድምጿ ብቻ ያውቋት ነበር፤ ክሌር ቁጥቋጦ ውስጥ በጉልበቱ ሄዶ ጎጆዋ ከምን እንደተሠራና እንቁላሏ ምን እንደሚመስል ያውቅ ነበር። ከእነዚያ ገጣሚዎች አንዱ የነበረውን ኪትስን እያደነቀ እንኳ፣ ተፈጥሮን በዓይኑ እንዳያት ሳይሆን በሐሳቡ እንደታየችው ይጽፋል ብሎ ወቅሶታል።

የክሌር የጎጆ ግጥሞች አካሄድ ለጀማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። አንባቢውን ይዞ ይገባል፤ ቀስ በል ይለዋል፤ ቅርንጫፉን ገለጥ አድርጎ ያሳየዋል፤ ወፏ ስትደነግጥም ራሱን ይወቅሳል፤ ቅርንጫፉን እንደነበረ መልሶ ይወጣል። ግጥሙ ጉብኝት ነው፤ ጎብኚው ምንም አይወስድም። ከዚህ ጀርባ ቁስል አለ። በ1809 በወጣ ሕግ የመንደሩ የጋራ ግጦሽና ዱር ታጥሮ ለግለሰቦች ተከፋፈለ፤ ክሌር በልጅነቱ ያወቃቸው ቁጥቋጦዎች ተመነጠሩ። የወፎቹ ቤት ሲፈርስ የራሱም ቤት የፈረሰ ያህል ተሰማው። በ1837 የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ገባ፤ በ1841 ከዚያ አምልጦ በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት ኖርዛምፕተን ወደሚገኝ ሌላ ተቋም ተወስዶ በ1864 እዚያው እስኪሞት ድረስ ግጥም ይጽፍ ነበር።

አማርኛ ለጎጆ ግጥም የሚመች ቤት፣ ማለትም የስንኝ ምጣኔ፣ ሞልቶታል። በየስንኙ ስድስትና ስድስት ቀለም የሚይዘው ወል ቤት ለትረካ ይመቻል፤ ስንኙ መሐል ላይ ትንፋሽ ስለሚሰጥ አንድ ድርጊት ታይቶ ሌላው ይከተላል። የሸማኔውን ሥራ በወል ቤት ለማሳየት ያህል እንዲህ ሊባል ይችላል፦

ሣር ሰነጠቀና ቀለበት ጠምዝዞ፣
ቤት ሠርቶ ይጠራል በሩን ቁልቁል ይዞ።

እዚህ ላይ ያለው የታየው ብቻ ነው፤ ስለ ፍቅርም ሆነ ስለ ትዳር አንድም ቃል የለም። ወርቁን አንባቢው ያፈሰዋል። በባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የሚጠራው የጸጋዬ ቤት ደግሞ ስንኙ ረዘም ስለሚል ሐዘንና ቁጣ ለመሸከም ይሻላል፤ የተመነጠረ ዛፍና የፈረሰ ጎጆ በዚህ ቤት ይበልጥ ይገለጣሉ። ሁለት ስንኝ ብቻ የሚይዘው የቃል ግጥም አንዲት ቅጽበት ለመያዝ በቂ ነው።

ገበሬው ስለ ወፍ የሚያንጎራጉረው ሌላ ነው፤ ይህም መዘንጋት የለበትም። ማሽላው ሲያሽት ሸማኔ ወፎችና ግሪሳ ማሳው ላይ ይወርዳሉ። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍና በጩኸት ሲከላከሉ ይውላሉ፤ የአንድ ዓመት እህል በእነሱ ንቃት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከተማ ተቀምጦ ጎጆ የሚያደንቅ ግጥም የማማውን ልጅ ድምፅ ካላወቀ ግማሹን ይስታል። ከሁለቱ ወገን የሚጽፍ፣ ማለትም ጎጆውን አድንቆ ማሳውንም የጠበቀ ገጣሚ ቢገኝ፣ ሥራው ከማንኛውም የውዳሴ ግጥም ይበልጣል።

የዳርቻው ጎጆዎች ዛሬ ሰላም የላቸውም። ደንገል ለታንኳ መሥሪያ ከጥንት ጀምሮ ይታጨዳል፤ ያ ብቻ ቢሆን ተክሉ መልሶ ያቆጠቁጥ ነበር። ዳርቻው ለእርሻና ለግንባታ ሲገፋ ግን ደንገሉ ከሥሩ ይጠፋል፤ በውስጡ የሚወልዱ ወፎችም መጠለያ ያጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጣና የታወቀው እምቦጭ የተባለው አረም በበኩሉ ሰፊውን የውሃ ገጽ ሸፍኖ የሐይቁን ነባር ተክሎች ያፍናል። በደሴቶቹ ገዳማትና በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ያሉት ዛፎች ስለሚጠበቁ የብዙ ወፎች መሸሸጊያ እነሱ ሆነዋል፤ ከተማ ውስጥም አንድ ያረጀ ዋርካ ሲቆረጥ የሚፈርሰው የብዙ ቤተሰብ ሠፈር ነው።

ጎጆ ለማየት የሚሻ ሰው ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቢሄድ ይሻላል፤ እኩለ ቀን ላይ ወፎቹም ያርፋሉ። ለሸማኔው ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉት ወራት የተመቹ ናቸው። ወፏ መመላለሷን ካቆመች ወይም ሳታቋርጥ የምትጮህ ከሆነ ተመልካቹ ከመጠን በላይ ቀርቧል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። እንቁላል አይነካም፤ ቅርንጫፍ አይሰበርም፤ የታቀፈች ወፍ ለፎቶግራፍ ተብሎ አትባረርም። ማስታወሻ ላይ የሚሰፍረው በቅድሚያ የታየው ነው፤ ቀኑ፣ ዛፉ፣ የሣሩ ዓይነት፣ ማን ምን ይዞ እንደመጣ። የጎጆው ሣር ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ እስኪለወጥ ባሉት ቀናት በዚያ ዛፍ ሥር የተመላለሰ ሰው ለአንድ መወድስ የሚበቃ ሰም ይኖረዋል።